የአር ኤስ ቪ ምርመራ ለትንንሽ ልጆች፦ የትኛው፣ መቼ፣ ለምን?

አር ኤስ ቪ በትንንሽ ልጆች ላይ የመተንፈሻ አካላት ሕመም ከሚያመጡ ቫይረሶች ዋነኛው ነው። ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሁሉም ልጆች ማለት ይቻላል ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል። አብዛኞቹ እንደ ማንኛውም ጉንፋን ያስነጥሳቸዋል፣ ያስላቸዋል፣ ንፍጣቸው ይወርዳል፤ ከዚያ ይተዋቸዋል። አንዳንዶቹን ግን ወደ ታች ይወርድና ሳንባ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ያሳብጣል፣ በአክታም ይዘጋል። ሐኪሞች ብሮንኪዮላይተስ የሚሉት ይሄን ነው።

ቀላል በሽታ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአር ኤስ ቪ ምክንያት ሆስፒታል ይተኛሉ። ወደ 100,000 የሚጠጉት ይሞታሉ። ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ ስድስት ወር እንኳ ያልሞላቸው ናቸው። ስለዚህ ልጁ ማሳል የጀመረበት ወላጅ "ይመርመርልኝ" ቢል አይፈረድበትም።

ግን ምርመራው አንድ ዓይነት አይደለም። በሩብ ሰዓት የሚደርስ አለ፣ ቀን የሚፈጅ አለ። አንድ ቫይረስ ብቻ የሚፈልግ አለ፣ ሃያ ገደማ በአንዴ የሚፈልግ አለ። አለመመርመርም ራሱ አንድ ምርጫ ነው፣ ብዙ ጊዜም ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። ለመምረጥ የሚያግዘው ጥያቄ አንድ ነው፦ ውጤቱ ሲመጣ ለልጁ የምናደርገው ነገር ይቀየራል ወይ? የሚቀየር ከሆነ፣ የሚቀየረው ነገር ራሱ የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልግ ይነግረናል።

ምርመራ የማይጠብቁ ምልክቶች

ይሄን ከሁሉም በፊት ያነሳሁት ሆን ብዬ ነው። የአር ኤስ ቪ ውጤት ልጁ ምን እንደያዘው ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደታመመ አይናገርም። ሕመሙ ምን ያህል እንደጠና የሚታየው ልጁ ላይ ነው።

ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገለጥ አድርጉና ደረቱንና ሆዱን እያያችሁ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይበቃም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ይህ ነው፦ ከ2 ወር በታች በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል።

በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ቦታ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ የሚከፈት የሚዘጋ ከሆነ፣ የሚያቃስት ከሆነ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ሰማያዊ ከሆነ፣ መጥባት ካቃተው፣ ዳይፐሩ ለብዙ ሰዓት ደረቅ ከሆነ፣ ወይም ፈዞ ለመንቃት ካስቸገረ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ውጤት እስኪመጣ ተብሎ ቤት አይቆይም። ሁለት ወር ያልሞላቸውና ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎች ላይ ደግሞ ሌላ አስፈሪ ነገር አለ፦ ትንፋሽ ለአፍታ ቀጥ ማለት። ሳሉ ገና ሳይበረታ ይሄ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል።

አለመመርመር

ወላጅ ሐኪም ዘንድ ሄዶ "ብሮንኪዮላይተስ ነው፤ ምርመራ አያስፈልገውም" ሲባል ቸል የተባለ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 ባወጣው መመሪያ ብሮንኪዮላይተስ የሚለየው የሕመሙን ታሪክ በመጠየቅና ልጁን በማየት ነው። ላብራቶሪም ሆነ ራጅ እንደ ደንብ ለሁሉም አይታዘዝም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጤነኛ ሆኖ የቆየ የስምንት ወር ልጅ ሁለት ሦስት ቀን ንፍጥ ካለው በኋላ ማሳል ጀመረ፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል እንበል። አር ኤስ ቪ ቢሆንም፣ ራይኖቫይረስ ቢሆንም፣ ሌላ ቫይረስ ቢሆንም የሚደረግለት አንድ ነው። አፍንጫው ይጸዳል። ጡት ወይም ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል። ኦክስጅኑ ከወረደ ኦክስጅን ያገኛል። አር ኤስ ቪን ነጥሎ የሚያድን፣ ለሁሉም ልጅ የሚታዘዝ መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም።

እንዲህ ላለ ልጅ አፍንጫው ውስጥ እንጨት ማስገባት እሱን ከማስለቀስ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። ሐኪሙ ልጁን ገልጦ አይቶ፣ ትንፋሹን ቆጥሮ፣ ኦክስጅኑን ለክቶ፣ እንዴት እንደሚጠባ ጠይቆ "አልመረምረውም" ካለ ሥራውን ሠርቷል። ይልቅ ልጁን ሳያይ "አስመርምሩና ኑ" የሚለው ነው የሚያሳስበኝ።

ምርመራው ዋጋ የሚኖረው መቼ ነው?

የመጀመሪያው፣ ልጁ ሆስፒታል ሲተኛ ነው። ሆስፒታሎች የአር ኤስ ቪ ሕመምተኛን ከሌላው ለመለየት ውጤቱን ይጠቀሙበታል። ቫይረሱ በጠንካራ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በአልጋ ብረትና በጠረጴዛ ላይ፣ ለሰዓታት ስለሚቆይ ከአንዱ ሕፃን ወደ ጎረቤቱ መሻገር አይከብደውም። በልብ ሕመም ወይም ያለጊዜው በመወለድ የደከመ ልጅ በተኛበት ክፍል ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ልጆች ናቸው፦ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው፣ ከተፈጥሯቸው የመከላከያ ችግር ያለባቸው። እነሱ ላይ ቫይረሱ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የሕክምናው አካሄድም ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ቀለል ያለ ጉንፋን ቢመስልም መመርመር ተገቢ ነው።

ሦስተኛው፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ ሊሆን ይችላል ተብሎ ሲጠረጠር ነው። ለኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት አለው። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። እዚህ ላይ ሦስቱን በአንዴ የሚለይ ምርመራ ውሳኔ ይቀይራል። ውሳኔውን የሚቀይረው አር ኤስ ቪ መገኘቱ ሳይሆን ኢንፍሉዌንዛ መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ ነው።

አራተኛው ጠበብ ያለ ነው። በየወሩ ፓሊቪዙማብ የሚባለውን መከላከያ መርፌ የሚወስድ ሕፃን በብሮንኪዮላይተስ ሆስፒታል ከተኛ ይመረመራል። አር ኤስ ቪ ከተገኘበት በዚያ ወቅት መርፌው እንዲቋረጥ ነው የ2014ቱ መመሪያ የሚመክረው፤ በአንድ ወቅት ሁለተኛ ጊዜ ተይዞ ሆስፒታል የመግባት ዕድሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ።

ፈጣኑ የአንቲጂን ምርመራ

ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከአፍንጫ የተወሰደው ናሙና ፈሳሽ ውስጥ ይታሻል፣ ጥቂት ጠብታ ትንሽ ፕላስቲክ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ውስጥ መስመር ይወጣል ወይም አይወጣም። መስመሩን የሚያወጡት የቫይረሱን ፕሮቲን፣ ማለትም አንቲጂኑን፣ የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። ትልቅ ማሽን አይፈልግም፤ ጥቅሙ ይሄና ፍጥነቱ ነው።

ድክመቱ ደግሞ መሳቱ ነው። በ2015 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንዳሳየው ፈጣኑ ምርመራ አር ኤስ ቪ ካለባቸው ልጆች 81 በመቶ ያህሉን ያገኛል። አዋቂዎች ላይ ግን 29 በመቶ ብቻ ነው። ልዩነቱ የቫይረሱ ብዛት ነው፦ ትንሽ ልጅ አፍንጫው ውስጥ እጅግ ብዙ ቫይረስ ይዞ ለብዙ ቀን ይቆያል፣ አዋቂ ግን ጥቂት ነው የሚኖረው። ለዚህ ነው ይህ ምርመራ ለሕፃናት የሚያገለግለው፤ አብራ የምታስል አያት ላይ ግን እምብዛም አይታመንም። ቫይረሱ የሌለበትን "የለበትም" በማለት በኩል ጎበዝ ነው፤ ወደ 97 በመቶ ይደርሳል።

እነዚህ ቁጥሮች በየወቅቱ ትርጉማቸው ይለያያል። አንዴ በእርጋታ እንቁጠረው፦

ቫይረሱ በተሰራጨበት ወቅት 100 የሚያስሉ ሕፃናት መጡ፤ 50ዎቹ አር ኤስ ቪ አለባቸው እንበል። ፈጣኑ ምርመራ ወደ 40 ያገኛል፣ ወደ 10 ይስታል። ከሌሎቹ 50 አንዱን ወይም ሁለቱን በስህተት "አለበት" ይላል። ፖዘቲቭ ከወጣ እንግዲህ መታመን ይቻላል። ኔጌቲቭ ከተባሉት ግን ከስድስቱ አንዱ ቫይረሱ አለበት።

ወቅቱ ካለፈ በኋላስ? 1,000 ልጆች ተመርምረው 20ዎቹ ብቻ አር ኤስ ቪ ቢኖራቸው ምርመራው 16ቱን ያገኛል። ከሌሎቹ 980 ደግሞ 29 ያህሉን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። ከ45 ፖዘቲቮች አብዛኞቹ ሐሰት ሆኑ ማለት ነው። ምርመራው አልተበላሸም፤ የተቀየረው በአካባቢው ያለው የቫይረስ መጠን ነው። ስለዚህ ፈጣን ምርመራ ከማዘዝ በፊት "አሁን አር ኤስ ቪ እየዞረ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ወቅቱም እንደድሮው ላይሆን ይችላል። በ2020 የኮቪድ ጥንቃቄ አር ኤስ ቪን በብዙ አገሮች ከዓይን ሰወረው፤ በ2021 ደግሞ ባልተለመደ ወር ተመልሶ መጣ።

ፒሲአር

ፒሲአር የሚፈልገው የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ነው። ናሙናው ውስጥ ጥቂት እንኳ ካለ እንደ ፎቶ ኮፒ ደጋግሞ አባዝቶ እንዲታይ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ፈጣኑ ምርመራ የሚስተውን ይይዛል። ዛሬ የሌሎች ምርመራዎች ትክክለኛነት የሚመዘነው በአብዛኛው በእሱ ነው።

በትልቅ ላብራቶሪ የሚሠራው ፒሲአር ማሽኑ ላይ የሚፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው። ናሙናው ተጓጉዞ፣ ተራ ጠብቆ፣ ውጤቱ እስኪጻፍ ግን አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ሌላው አማራጭ ድንገተኛ ክፍል ወይም ክሊኒክ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ነው። ናሙናው ካርትሪጅ በሚባል ትንሽ መያዣ ውስጥ ይገባል፤ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ገደማ ውጤት ይሰጣል። ብዙዎቹ ኢንፍሉዌንዛን፣ ኮቪድንና አር ኤስ ቪን አብረው ይለያሉ። ምርጫው የእኔ ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ለመጣና ምርመራ በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሕፃን ይሄንን ነው የምመርጠው። ፍጥነቱ ከአንቲጂኑ ብዙም አይርቅም፣ የሚስተው ግን በጣም ያነሰ ነው።

ሰፊው ፓኔል የተለየ ነው። በአንድ ናሙና ሃያ ገደማ ቫይረሶችንና ባክቴሪያዎችን ይፈልጋል፣ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ላለ ልጅ፣ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ልጅ ወይም ሕመሙ ግራ ላጋባ ልጅ ጥሩ ነው። ለተራ ሳል ግን ብዙ ማወቅ ራሱ ያደናግራል። ራይኖቫይረስ ምንም ሕመም የሌለበት ልጅ አፍንጫ ውስጥም ይገኛል። ውጤቱ ሦስት ስም ይዞ ሲመጣ ሕመሙን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። ወላጅ ግን ሦስቱንም ይዞ ወደ ቤት ይሄድና ሲጨነቅ ያድራል።

ፒሲአር ሌላም ጠባይ አለው። የሞተውን ቫይረስ ከሕያው አይለይም። ልጁ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ዛሬ ትኩሳት የያዘው ልጅ ላይ የተገኘው አር ኤስ ቪ የዛሬው ነው ወይስ ያለፈው ጉንፋን ትራፊ? ይሄን የሚመልሰው ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና የቅርቡን ታሪክ በደንብ መንገር ነው።

ሌሎቹ ባጭሩ

ቫይረሱ መጀመሪያ የተገኘው በ1956 አሜሪካ ውስጥ ጉንፋን በያዛቸው ቺምፓንዚዎች ላይ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከሕፃናት ተገኘ። ያኔ የነበረው ዘዴ ቫይረሱን ሕዋስ ላይ ማሳደግ ነበር። ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተዋህደው ትልቅ ሆነው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ቀናት ይፈጃል፣ ቫይረሱም መንገድ ላይ በቀላሉ ይሞታል። አሁን ለምርምር ካልሆነ ለታመመ ልጅ አይመረጥም። በሚያበራ ቀለም በማይክሮስኮፕ የሚታየው ምርመራ በጥቂት ሰዓት ይደርሳል፣ ግን የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል፤ ፒሲአር ተክቶታል።

የደም ምርመራን ግን ለይቼ ላንሳው፣ ምክንያቱም "ደሙ ይታይልኝ" የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ለአር ኤስ ቪ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል መፈለግ ለዛሬው ሕመም መልስ አይሰጥም። ጨቅላው ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል አለው፤ ስለዚህ ምንም ሳይታመም ሊገኝበት ይችላል። በትክክል ለማወቅ ሁለት ናሙና ሳምንታት ተራርቆ መወሰድ አለበት። ያኔ ልጁ ድኖ እየተጫወተ ነው።

ናሙናው እንዴት ይወሰዳል?

ከምርመራው ዓይነት እኩል የሚወስነው ናሙናው ነው። ደካማ ናሙና በጎበዝ ማሽን ቢሠራም ደካማ ውጤት ይሰጣል።

በስፋት የሚሠራበት በቀጭን ስዋብ (ጫፉ ለስላሳ በሆነ ዘንግ) ከአፍንጫ ጀርባ መውሰድ ነው። ልጁ ወላጁ ጭን ላይ ጀርባውን ለወላጁ ደረት ሰጥቶ ይቀመጣል። ወላጁ በአንድ እጁ ሁለቱን ክንዶች አቅፎ ይይዛል፣ በሌላው ግንባሩን ደገፍ ያደርጋል። ባለሙያው ስዋቡን የሚያስገባው ወደ ላይ ሳይሆን ከላንቃው ጋር ትይዩ፣ በአፍንጫው ወለል ላይ አስኬዶ ነው። የሚገባው ርቀት ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ ጆሮ ያለውን ግማሽ ያህላል። እዚያ ሲደርስ ጥቂት ሰከንድ ያቆየዋል፣ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፣ ያወጣዋል። የልጁ ዓይን እንባ ያቀራል፣ ይጮኻል፤ ሁሉም በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ስዋቡ ቱቦ ውስጥ ተሰብሮ ይገባል። ተራ የጥጥ እንጨት አይሆንም፤ የእንጨት ዘንግ ፒሲአሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ሌላው መንገድ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ አድርጎ በቀጭን ቱቦ ንፍጡን መምጠጥ ነው። ብዙ ናሙና ይሰጣል፣ ለረጅም ጊዜም እንደ ምርጥ ሲታይ ቆይቷል። የመምጠጫ ማሽን ይፈልጋል፣ ለልጁም ይከብደዋል። አንድ ጥሩ ጎን ግን አለው፦ አፍንጫው የታፈነ ጨቅላ ከዚያ በኋላ ቀለል ብሎት ሊጠባ ይችላል። ሆስፒታል የተኛና ለማንኛውም አፍንጫው የሚጠረግለት ልጅ ከሆነ ናሙናውን አብሮ መውሰድ ብልህነት ነው።

ከአፍንጫ ፊት ብቻ የሚወሰደው ለልጁ በጣም ይቀላል። ለፒሲአር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለአንቲጂን ግን ትንሽ ቫይረስ ማለት የሚሳት ልጅ ማለት ነው። የትኛው ናሙና እንደሚፈቀድ የየምርመራው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ባለሙያው የሚከተለው እሱን ነው።

ጊዜም አለው። ምልክት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ ብዙ ነው፣ ውጤቱም ይበልጥ ይታመናል። ሳምንት ካለፈ ፈጣኑ ምርመራ ባይመረጥ ይሻላል።

መከላከያ መርፌ የወሰደ ልጅ

ለሐኪሙም ለላብራቶሪውም መነገር ያለበት ነገር ነው። ፓሊቪዙማብ የቫይረሱን ገጽ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ አንዳንድ የአንቲጂን ምርመራዎችንና የቫይረስ ማሳደግን ሊያዛባ ይችላል። ፒሲአርን አይነካም። በ2022 በአውሮፓ፣ በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ኒርሴቪማብ የሚባለው ሌላ መከላከያ መርፌም ፒሲአርን አያዛባም። እናቲቱ እርጉዝ ሳለች የአር ኤስ ቪ ክትባት ከወሰደች ደግሞ በልጁ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ባጭሩ፣ እንዲህ ያለ ልጅ መመርመር ካለበት በፒሲአር ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራውስ?

በአንዳንድ አገሮች ኮቪድን፣ ኢንፍሉዌንዛንና አር ኤስ ቪን አብሮ የሚለይ የቤት አንቲጂን ምርመራ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2022 ናሙናውን ቤት ውስጥ ወስዶ ወደ ላብራቶሪ ለመላክ የሚያስችል ለሦስቱም የሚሆን ምርመራ ፈቃድ አግኝቷል። የላብራቶሪው በፒሲአር ስለሚሠራ ይሻላል፤ የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው። የቤቱ አንቲጂን ላይ የሚያሳስበኝ ኔጌቲቩ ነው። በክሊኒክ በባለሙያ ሲሠራ እንኳ ከአምስት አንዱን ይስታል። የሚወራጭ ሕፃን ይዞ እናት ወይም አባት ሲሠሩት የሚሳተው እንዳይበዛ እፈራለሁ። ፖዘቲቭ ቢወጣ "ይህ ነው እንግዲህ" ብሎ ልጁን መከታተል ይቻላል። ኔጌቲቭ ቢወጣ ግን ልጁ እየባሰው እያለ "ምንም የለበትም" ተብሎ መቀመጥ የለበትም። ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ የቤት ምርመራን ለውሳኔ አልመክርም።

ውጤቱ ሲመጣ

ኔጌቲቭ ማለት "ቫይረሱ የለም" ሳይሆን "በዚህ ናሙና አልተገኘም" ማለት ነው። በፈጣን ምርመራ ኔጌቲቭ ወጥቶ ልጁ ሆስፒታል የሚተኛ ከሆነ በፒሲአር መድገም ተገቢ ነው። ቤት የሚሄድ ከሆነ ግን መድገም ብዙም ትርጉም የለውም።

ፖዘቲቭም ሁሉንም ነገር አይዘጋም። ትኩሳት ያለበት ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ላይ ይሄ ነገር እጅግ አስፈላጊ ነው። በ2004 የታተመ ትልቅ ጥናት ትኩሳት ያለባቸውን ሁለት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ተመልክቶ፣ አር ኤስ ቪ ከተገኘባቸው 7 በመቶዎቹ፣ ካልተገኘባቸው ደግሞ 12.5 በመቶዎቹ ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን እንዳለባቸው አይቷል። አር ኤስ ቪ ያለበት ልጅ ዕድሉ አነሰ እንጂ አልጠፋም። አብዛኛው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ስለዚህ "አር ኤስ ቪ ስለተገኘ ሽንቱ አይታይም" ከተባላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። አንድ ወር ያልሞላው ጨቅላ ትኩሳት ካለው ደግሞ የአር ኤስ ቪ ውጤት ሌላውን ምርመራ አያስቀርም።

ጤነኛ ሆኖ በቆየ፣ ከፍ ያለ ልጅ ላይ ግን ፖዘቲቩ አንድ ጥሩ ነገር ያደርጋል። አንቲባዮቲክ ለመጻፍ ለሚያመነታ ሐኪም መተማመኛ ይሆነዋል፣ ወላጅም ያለመድኃኒት መሄዱን በቀላሉ ይቀበላል።

በየሁኔታው ምን ልምረጥ?

ልጁ ከስድስት ወር በላይ ነው፣ ጤነኛ ነበር፣ እያሳለም ይጠባል፣ ይጫወታል? ምርመራ አያስፈልገውም። ትንፋሹን እየቆጠሩ፣ ዳይፐሩን እያዩ መከታተል ይበቃል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ስለሆነ በሁለተኛው ቀን ቀሎታል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ኢንፍሉዌንዛ በሚዞርበት ወቅት ድንገት ትኩሳት ይዞት ከሁለት ቀን ያነሰ ጊዜ ከሆነው፣ በተለይ አስም ወይም የልብ ችግር ካለበት፣ ሦስቱን የሚለየው ፈጣን ፒሲአር ካለ እሱ፤ ከሌለ የኢንፍሉዌንዛውን ጉዳይ ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው።

ሆስፒታል ለሚተኛ ሕፃን ፒሲአር ይመረጣል። ፒሲአር በሌለበት፣ ቫይረሱ በሚዞርበት ወቅት፣ ለትንሽ ልጅ አንቲጂን ከምንም ይሻላል፤ ፖዘቲቩ ይታመናል፣ ኔጌቲቩ ግን ልጁን ከሌሎች ሕፃናት ጋር ለመቀላቀል ፈቃድ አይሆንም። የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ልጅ ከመጀመሪያው ፒሲአር፣ ካስፈለገም ሰፊው ፓኔል።

ለሐኪሙ የምትነግሩትም ምርጫውን ያቀለዋል፦ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ልጁ በስንት ሳምንቱ እንደተወለደ፣ የወሰደው መርፌ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ጠብቶ ስንት ጊዜ እንደሸና፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩ።

ወደ መዋያ ለመመለስ

አንዳንድ የሕፃናት መዋያዎች "ኔጌቲቭ አምጡ" ይላሉ። ለአር ኤስ ቪ ይሄ አያስኬድም፤ ፒሲአሩ ልጁ ከዳነ በኋላም ፖዘቲቭ ሊቆይ ይችላል። ልጅ በአብዛኛው ለሦስት እስከ ስምንት ቀን ነው የሚያስተላልፈው፤ የመከላከል አቅሙ የደከመ ልጅ ግን አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊያስተላልፍ ይችላል። ትኩሳቱ ከጠፋ፣ ትንፋሹ ከቀለለ፣ እንደወትሮው ከበላና ከተጫወተ ጤነኛ የነበረ ልጅ ሳሉ ትንሽ ቢቀረውም መመለስ ይችላል። ቤት ውስጥ አራስ ካለ ግን ሳሉ እስኪለቀው ድረስ ሕፃኑን አይሳመው፣ ፊቱ ላይ አይተንፍስ፤ ከመንካቱ በፊት እጁ በሳሙና ይታጠብ። አሻንጉሊቱም ይታጠብ።